“የክልሉ ሥልጣን ነው” ከተባለ በኋላ

የጤና ሚኒስትር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት የሚቀርቡበትን ሥርዓት በቴሌቪዥን የተከታተለ ሁሉ ያውቀዋል። ሚኒስትሩ የስድስት ወሩን ወይም የዘጠኝ ወሩን የሥራ አፈጻጸም ያሰማሉ፤ ከዚያ አባላት ተራ በተራ ይነሣሉ። አንዱ ተጀምሮ የቆመ ሆስፒታል፣ ሌላው ነዳጅ አጥቶ የተገተረ አምቡላንስ፣ ሌላው ከመንግሥት ጤና ጣቢያ የጠፋ መድኃኒት ያነሣል። ጥያቄው ሁሉ ተጠራቅሞ ካበቃ በኋላ ሚኒስትሩ “የመድኃኒት አቅርቦትን በተመለከተ”፣ “መሠረተ ልማትን በተመለከተ” እያሉ በየርዕሱ አጠቃለው ይመልሳሉ። ስለ አንድ ወረዳ የጠየቀው አባል ስለ አገሪቱ ተነግሮት ይቀመጣል። የተባለው ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አይደለም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፤ መልሱ በሚቀጥለው ስብሰባ “ከምን ደረሰ?” ተብሎ ሊመረመር በሚችል መንገድ አልተሰጠም። ጉዳዩ በማን እጅ እንዳለና እስከ መቼ እንደሚፈጸም ያልተናገረ መልስ ምንም ያህል እውነት ቢሆን ገለጻ እንጂ ተጠያቂነት አይደለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። ጠያቂውም ተጠያቂውም ስለዚህ በሕግ የቆሙ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው የጤና አገልግሎቱ ባለቤት አንድ አለመሆኑ ላይ ነው።

አዲስ አበባ፣ ኡራኤል አካባቢ የሚኖር አንድ ሕመምተኛን እናስብ። መጀመሪያ የሚሄደው ጤና ጣቢያ ነው፤ እሱ በክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ነው። ሕመሙ ከበድ ካለ ሪፈር ይጻፍለታል። ዘውዲቱ ወይም ጋንዲ ከተላከ አሁንም በከተማው ቢሮ ሥር ነው። ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ከተጻፈለት በጤና ሚኒስቴር ሥር ወዳለ ሆስፒታል ገባ ማለት ነው። ጥቁር አንበሳ ከተባለ ደግሞ ባለቤቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንዲት የሪፈር ወረቀት በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በታክሲ ከሚደረስበት ርቀት ሳትወጣ፣ ሦስት አለቃ ታያለች። ሕመምተኛው ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ካርድ ክፍል ተሰልፏል፣ ቀጠሮው ከሦስት ወር በኋላ ነው ተብሏል። ተወካዩ ይህን ይዞ ምክር ቤት ቢያነሣው ሚኒስትሩ የሚመልሱት በየትኛው አለቃ ስም ነው?

የተለመደው ማምለጫ እዚህ ጋ ይመጣል፤ ጤና ጣቢያና አብዛኛው ሆስፒታል የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር ነው፣ በጀቱንም የሚመድበው እሱ ነው ይባላል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ጥቅል ስለሆነ ምን ያህሉ ለጤና ይዋል የሚለውን ክልሉና ወረዳው ናቸው የሚወስኑት። በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ስላልተቀጠረ ሚኒስትሩን መውቀስ ሕገ መንግሥቱን መዘንጋት ነው። ይሁን እንጂ “የክልሉ ሥልጣን ነው” የሚለው ቃል የመልሱ መነሻ እንጂ መድረሻ ሊሆን አይገባም። የአገልግሎት ደረጃ የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ነው። የክትባት፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪና የወባ መድኃኒትና ግብዓት በአብዛኛው የሚገዛውና የሚከፋፈለው በፌዴራል በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን ሲገልጽ፣ አጎበሩና መድኃኒቱ በጊዜ ደርሶ እንደሆነ መልሱን ከክልል ብቻ መጠበቅ አይቻልም ነበር። ለአዲስ አበባማ ማምለጫው ይብስ ይጠብባል። በአንቀጽ 49 መሠረት ከተማዋ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ቢኖራትም ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። የኡራኤል ጤና ጣቢያ ጉዳይ አራት ኪሎ ባለው ምክር ቤት ሲነሣ “ክልሉን ጠይቁ” የሚባልበት ክልል የለም።

ሁለተኛው ማምለጫ አማካይ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ሚኒስቴሩ የሚኮራበት እውነተኛ ታሪክ አለው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንዳሳዩት በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን የመደበው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። ያው የ2008ቱ ጥናት ግን ሌላም ነገር ይናገራል። በአገር አቀፍ ደረጃ በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት 26 በመቶ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ 97 በመቶ፣ በአፋር 15 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሁሉንም መሠረታዊ ክትባቶች የወሰዱ ሕፃናት በአማካይ 39 በመቶ፤ በአዲስ አበባ 89፣ በአፋር 15። የአፋር ተወካይ ጠይቆ አገራዊው አማካይ ቢነገረው የእሱ መራጮች የሉበትም። የአዲስ አበባው ተወካይም በተራው በ97 በመቶው ሊረካ አይገባም፤ ሰው ተቋም መድረሱ ተቋሙ ውስጥ ደህና መታከሙን አያረጋግጥም። ሌላው ቀርቶ ከየተቋሙ ተደምሮ የሚመጣው ሪፖርትና ቤት ለቤት የሚካሄደው ጥናት ሁልጊዜ አይገጥሙም። ሚኒስቴሩ በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤና ሴክተር ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ “የመረጃ አብዮት”ን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ ማድረጉ ራሱ የመረጃው ጥራት እንደሚያሳስበው ያሳያል። ተወካዩ “ይህ ቁጥር ከሪፖርት ነው ወይስ ከጥናት?” ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ድፍረት አይባልም።

የመድኃኒቱን ጉዳይ ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው፤ ምክር ቤት ውስጥ እንደ እሱ የሚደጋገም የጤና ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። ሕመምተኛው ማዘዣውን ይዞ የሆስፒታሉ መድኃኒት መስኮት ላይ ይደርሳል፤ ባለሙያው ከታዘዙለት ሦስት መድኃኒቶች አንዱን ሰጥቶ ሁለቱን “ከውጭ ግዛ” ይለዋል። ከዚያ ከነማ መድኃኒት ቤት ይሞክራል፤ ከሌለ የግል መድኃኒት ቤት። የጤና መድን አባል ከሆነ ነገሩ ይብስበታል፤ መዋጮውን አስቀድሞ ከፍሎ እንደገና ከኪሱ ያወጣል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰንሰለት ግን ረጅም ነው። በነፃ የሚታደለው የፕሮግራም መድኃኒት በአንድ መንገድ ይመጣል፤ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኢንፌክሽን የመሰለው ደግሞ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በተዘዋዋሪ ፈንድ ገዝቶ ለተቋማት የሚሸጠው ነው። ተዘዋዋሪ የተባለው ገንዘቡ ተመልሶ መምጣት ስላለበት ነው። የጤና መድኑ ለሆስፒታሉ ሳይከፍል ከቆየ ሆስፒታሉ ለአቅራቢው ዕዳውን አይከፍልም፤ አቅራቢውም ለቀጣዩ ግዢ ያንሰዋል። በዚያ ላይ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አለ። እንግዲህ “የመድኃኒት እጥረቱን ለመቅረፍ እየተሠራ ነው” የሚለው መልስ ከእነዚህ ሰንኮፎች የትኛውን እንደሚነካ አይታወቅም። ጥያቄውም “ለምን መድኃኒት የለም?” ከሆነ ይህን መልስ የሚጋብዘው ራሱ ነው። “በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ለአቅራቢው አገልግሎት ያለባቸው ዕዳ ስንት ነው? ከዚህ ውስጥ የጤና መድን ያልከፈለው ስንት ነው? እስከ ሰኔ 30 ስንቱ ይከፈላል?” ተብሎ ቢጠየቅ ግን “እየተሠራ ነው” የሚባልበት ቦታ አይኖርም።

እርግጥ ሚኒስትሩ ቢፈልጉም ብቻቸውን የማይመልሱት ጥያቄ አለ። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርስ ቁልፉ ያለው በጤና ሚኒስቴር እጅ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ሚኒስቴርም ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽንም አሉበት። በዚያው ዓመት ጥር ወር አሜሪካ ዕርዳታዋን ስታቆም በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት በአንድ ቀን አብረው ቢጠሩ ሦስቱ በሦስት ቀን እርስ በርስ ከሚጠቋቆሙ ይሻላል።

ሁለት ጠንካራ መቃወሚያዎች ይቀራሉ። አንደኛው፣ ቀንና ቁጥር ተናገሩ ሲባሉ ሚኒስትሮች ይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ ያልተሳካው ቃል ስለሚያስወቅሳቸው ጭራሽ ቃል አይሰጡም የሚል ነው። ይህ የሚሆነው ያልተፈጸመ ቃል ሁሉ እንደ ውሸት ከተቆጠረ ነው። በ2016 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ዶክተር መቅደስ ዳባም ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ናቸው፤ ሐኪም ደግሞ በቀጠሮው ቀን እንደሚያድን እርግጠኛ ሆኖ አይደለም ቀጠሮ የሚጽፈው፣ ያኔ ለማየት ነው። ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል፦ ምክር ቤቱ በአብዛኛው የአንድ ፓርቲ አባላት የተቀመጡበት ስለሆነ ጥያቄው ለይስሙላ ነው ይባላል። ክርክሩን በግማሽ እቀበላለሁ፤ የፓርቲ ባልደረባ ባልደረባውን አያስጨንቅም። ነገር ግን በቃል የተሰጠ መልስ አየር ላይ ሲቀር በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ማንም ያንብበው ይቀመጣል። በእንግሊዝ ፓርላማ ለአባላት ጥያቄ በጽሑፍ የሚሰጠው መልስ በሚኒስትሩ ስም ታትሞ ስለሚወጣ ከተቃዋሚው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቀምበት ጋዜጠኛውና ተመራማሪው ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የጤና አገልግሎትን ወደ ካውንቲዎች አውርዳ እንኳ የአገሪቱን የጤና ሹም መጠየቅ አልተወችም። የእኛም ምክር ቤት የጤና፣ ማኅበራዊ ልማት፣ ባህልና ስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አለው፤ የፌዴራል ዋና ኦዲተርም ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። መሣሪያው ሞልቷል።

ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሰፈር ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተነሥቷል። ከተነሡት መካከል የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የቲቢ ክትትል የነበራቸው ፋይላቸው የት ደረሰ? የጤና መድን ካርዳቸው በአዲሱ ሰፈር ይሠራል? ይህ ከአዲስ አበባ 23 ተወካዮች አንዱ በአንድ ደቂቃ ሊጠይቀው የሚችል፣ ሚኒስትሩም ከከተማው ጤና ቢሮ ጋር ሆነው በቁጥር ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ ነው። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ሲጀምር ባለፈው ዓመት ለጤና ሚኒስቴር የቀረቡ ጥያቄዎችና የተሰጡ መልሶች፣ የተፈጸመውና ያልተፈጸመው ተለይቶ፣ በጽሑፍ ለአባላቱና ለሕዝቡ ይቅረቡ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።