ቁርሳችሁን ቆማችሁ ነው የምትበሉት?

ጎበዝ! ዛሬ ጠዋት ቁርሳችሁን የበላችሁት የት ነው? የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ሳንቡሳ ገምጣችሁ? አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ሳህኑን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ? ወይስ ወጥ ቤት ገብታችሁ፣ የሻይ ብርጭቆውን የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ዳቦውን በቁማችሁ ጎርሳችሁ ውልቅ?

በማንም ላይ ልፈርድ አይደለም። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ‹‹ቁርስ ጥግ›› ነው። ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ሻዩን ፉት የሚልባት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ጥግ። ‹‹እኛ ቤት ድስት እንኳ መዞሪያ የለውም፤ ደግሞ ምን ጥግ ታወሪብናለሽ?›› የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም የማወራው ለእናንተ ነው። ሰፊ ቪላ ያለውማ ምን ቸገረው!

የኛ ሰው ነገር ግን ይገርመኛል። ዕቁብ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚገዛው ሶፋ ነው፤ ያውም ሳሎኑን ሞልቶ በር የሚዘጋ ሶፋ። መሐሉ ላይ የመስታወት ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። እንግዳ ካልመጣ ማንም አይበላበትም። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ሳሎኑን በሙሉ ሰጥተን፣ በየቀኑ ለምንበላው ለራሳችን 60 ሳንቲሜትር እንነፍጋለን። አይገርምም?

አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ፣ ስሟ ይቆየንና፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይታ ከባለቤቷ ጋር ትኖራለች። ከተጋቡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። እሱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ይወጣል፤ እሷ 1 ሰዓት ተኩል ላይ። እሱ ቁርሱን መሥሪያ ቤቱ አጠገብ ካለች ፉል ቤት ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። እሷ እንዳልኳችሁ በቁሟ። ማታ ሲገናኙ ሁለቱም ደክሟቸዋል፤ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ስልክ ይወጣል፣ እንቅልፍ ይመጣል። ‹‹እኔና እሱ እኮ የምንተያየው እሑድ እሑድ ብቻ ሆነ›› አለችኝ አንድ ቀን።

ታዲያ አንድ ምሽት ‹‹አንድ ቀን እንኳ በሥራ ቀን ቁርስ አብረን በልተን እናውቃለን?›› ስትለው፣ ‹‹ብትሠሪስ የት ላይ ልታቀርቢልኝ?›› ብሎ ይመልስላታል። ሰውየው የጠየቀው የምሩን ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ‹ባልትና የላትም፣ ቤቷን አልያዘችም› የተባለች ያህል ቆጠረችው። ሳምንት ሙሉ ተኮራረፉ። ሽማግሌ ሊጠራ ምንም አልቀረም ነበር። እኔ ዘንድ መጥታ አልቅሳ ስትጨርስ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የባሏን ጥያቄ ነው መልሼ የጠየቅኳት። ‹‹ግን የት ላይ ነው የምታቀርቢለት?›› ዝም አለች። ቅዳሜ ሜትር ይዘን ወጥ ቤቷ ገባን።

ወጥ ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 1 ሜትር ከ80 ነው። በአንድ በኩል ወርዱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ መሥሪያና የዕቃ ማጠቢያ አለ። መጨረሻው ላይ መስኮቱ ሥር ሦስት የውሃ ጀሪካን፣ የተበላሸ ምጣድ፣ የሽንኩርት ጆንያና እግሩ የተሰበረ ወንበር ተከምረዋል። ያ ሁሉ ሲነሳ ምን ወጣ መሰላችሁ? 1 ሜትር ከ20 በ90 የሆነ ባዶ ቦታ! መስኮቱ ደግሞ ምሥራቅ ያያል። አዲስ አበባ ውስጥ ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቁርስ የሚበላው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ካላችሁ ጥጋችሁን ሌላ ቦታ አትፈልጉ። መስኮት የሌለው ጥግ ከሆነ ነጩን ሳይሆን ቢጫውን አምፖል ምረጡ፤ በነጭ መብራት የሚበላ ፍርፍር የሆስፒታል ምግብ ይመስላል።

ልኩን ልብ በሉ፤ አብዛኛው አናጢ በዓይኑ ገምቶ ነው የሚጀምረው። መቀመጫው ከወለል 45 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ጠረጴዛው 75 ይሁን። ዋናው ነገር በሁለቱ መካከል 30 ሳንቲሜትር ያህል መኖሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ጭናችሁ ይነካል፣ ከበለጠ እንደ ሕፃን አገጫችሁ ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል። ስፖንጅ ካደረጋችሁ ደግሞ ስትቀመጡበት የሚሰምጠውን አስቡበት። ለአንድ ሰው ወርድ 60 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። የመቀመጫው ጥልቀት ከ40 እስከ 45። የጠረጴዛው ጠርዝ ከመቀመጫው ጠርዝ በላይ ጥቂት ገባ ቢል ጥሩ ነው፤ ፍርፋሪው ጭናችሁ ላይ ሳይሆን ሳህኑ ላይ ይቀራል። ከተቀመጠ ሰው ጀርባ ሌላ ሰው የሚያልፍ ከሆነ ቢያንስ 75 ሳንቲሜትር መተላለፊያ ተዉ።

ለጓደኛዬ የወጣው ሐሳብ ቀላል ነበር። መስኮቱ ሥር 1 ሜትር ከ20 የሆነ አግዳሚ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ዕቃ የሚያስቀምጥ። ከጎን ግድግዳው ላይ የምትታጠፍ ጠረጴዛ፣ ርዝመቷ 80፣ ወርዷ 50። ማዶ ለማዶ ደግሞ በርጩማ፤ ሲበቃ ጠረጴዛው ሥር የሚገፋ። የጅማ በርጩማ ካላችሁማ ከየትኛውም የፈርኒቸር ቤት ወንበር ይበልጣል፤ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ስለሆነ አይላላም፣ ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ጎርበጥ ቢል እንኳ አይንገዳገድም። ብቻ ቁመቱን ለኩ፤ ብዙዎቹ ለመሶብ እንጂ ለጠረጴዛ አልተሠሩም።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ወጥ ቤት እርጥብ ነው። ቺፑድ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ይነፋል፤ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ። ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ይሻላል፤ ላዩ ፎርማይካ ቢለብስ በርበሬም እርድም በጨርቅ ይጠረጋል። የመቀመጫው ልብስ ዚፕ ይኑረው፤ ሽሮ ያልፈሰሰበት ወጥ ቤት አይቼ አላውቅም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ባብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ! ተራ ሚስማር መትታችሁ ጠረጴዛ ብትሰቅሉበት አንድ ቀን ከነሻዩ ይወርዳል። ለባዶ ብሎኬት የሚሆነውን ፊሸር ጠይቁ፤ ያም ሆኖ የሰው ክንድ የሚደገፍበትን ክብደት ወለል ላይ የሚያርፍ አንድ እግር ቢሸከመው ይመረጣል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይና በታች አትብሱ፤ ሽቦው በዚያ ነው የሚሄደው። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ አከራዩን አስፈቅዱ። እሺ ካላለ ግድግዳ የማትነካ፣ በራሷ እግር የምትቆም አሠሩ። ቤት ስትለቁ እንደ አልጋችሁ ተሸክማችኋት ትሄዳላችሁ።

አሁን በቁም ነገር የምነግራችሁ ነገር አለ። ከመቀመጫው ሥር ያለው ሣጥን ለውሃ ጀሪካን ግሩም ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቁመታቸውን ሳትለኩ ግን አናጢ አትጥሩ። የጋዝ ሲሊንደር ግን እዚያ ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቡ! የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈተልክ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ በሣጥን ውስጥ ደግሞ ይጠራቀማል። ከዚያ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ከሰልም እንደዚሁ። ‹‹ጥጓ ደስ ትላለች፣ ቡና እናፍላባት›› ብላችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ ከሰል እንዳታያይዙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት ሲጀምራችሁ ‹ቡና ሱስ ነው› ትላላችሁ፣ ተኝታችሁ ላትነሱ ትችላላችሁ። የምጣድ ገመድም ስፖንጅ ሥር አይሂድ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ገመዱ ይግላል።

ልክ ይህን ሁሉ ጨርሰን አናጢ ልንጠራ ስንል ችግሩ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። የባልየው እናት! ለጥየቃ መጥተው ወሬውን ሲሰሙ ‹‹ልጄን ማጀት ልታስቀምጪው ነው?›› አሉ። እናንተዬ፣ ይሄ ቀላል አነጋገር አይደለም። ለእሳቸው ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ከድስት አጠገብ መብላት ውርደት ነው፤ ጎረቤት ቢያይስ? ባልየውም ሳይናገር ውስጥ ውስጡን ይሄው ነበር የሚከነክነው። ጓደኛዬ ‹‹በቃ ተይው፣ ይቅር›› ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር።

እኔ ግን እናትየውን ‹‹እማማ፣ እርስዎ ያደጉበት ቤት መደብ አልነበረም?›› አልኳቸው። ለካ ነበር! ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ከጭቃ የተሠራ፣ ቁርበት የተነጠፈበት፣ እሳቱ አጠገብ። አባታቸው ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠው እንደሚበሉ አጫወቱኝ። ‹‹ያ ግን አንድ ቤት ነበር፤ ማጀትም እልፍኝም እዚያው ነው›› አሉኝ። ተረታሁ! ልክ ናቸው። ወጥ ቤቱን በግድግዳ ለይተን ሴትን እዚያ የዘጋናት በኋላ ነው።

ይሄ የኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ ቤቶች አንዲት ኩሽና ነደፈች። ወርዷ 1 ሜትር ከ90፣ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ40 ገደማ። ሁሉ ነገር በእጅ ርቀት ነው፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ተሠሩ። መቀመጫ ለሥራ ነበራት፤ የመብል ቦታ ግን አልነበራትም፤ መብል ሳሎን ነው ተብሎ። ‹‹ሴቲቱን ብቻዋን ዘጋችብን›› የሚል ወቀሳ በኋላ ተነስቶባታል። በዚያው ዘመን አሜሪካኖች በትንንሽ ቤቶቻቸው ኩሽና ጥግ ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ገጥመው መሐሉ ላይ ጠረጴዛ አስገቡ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግንባታቸው የተጀመረው ኮንዶሚኒየሞቻችን ወጥ ቤት የሚመስለው የፍራንክፈርቷን ነው ባይ ነኝ፤ ልዩነቱ የኛው ቀጠን ማለቱ ነው።

ለማንኛውም ባልየውን ያሳመነው የኔ ታሪክ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ጓደኛዬ የአንድ ወር የፉል ቤት ወጪውን በወረቀት ደምራ ከአናጢው ዋጋ አጠገብ አስቀመጠችለት። ብዙም አልተራራቁም። ‹‹ይሠራ›› አለ።

ከተሠራች እነሆ አራተኛ ወሯ። ሁሉም ነገር ማር ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። እሱ ማክሰኞ ማክሰኞ አሁንም ፉል ቤት ይሄዳል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ጠዋት ጥጓ ባዶ ናት። በቀሩት ቀናት ግን እሱ 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይነሳል፣ ቂንጬ ወይም የማታውን እንጀራ ፍርፍር ይበላሉ። ስልክ ጠረጴዛዋ ላይ አይወጣም የሚል ሕግ አውጥተዋል፤ ለነገሩ ሁለት ሳህንና ሁለት ብርጭቆ ከተቀመጠባት ለስልክ ቦታም የላት። የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያወሩት ጠፍቷቸው ነበር አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ቦታው ላይ ሊቀንሱት እንደሚችሉ ነገራት። ለሁለት ወር ደብቆ ይዞት የኖረ ነገር ነው፤ ለፉል ቤት ጓደኞቹ ነግሯል፣ ለእሷ ግን አልነገራትም ነበር። ተናደደች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ወረቀት አውጥተው የቤት ኪራዩን እንዴት እንደሚችሉት ጻፉ። ያቺ ወረቀት እስካሁን አግዳሚው ሥር ናት።

እማማም በቀደም መጥተው ተቀመጡባት። ‹‹ለጉልበቴ ዝቅ ትላለች›› አሉ፤ ወቀሳቸው ይሄው ብቻ ነበር። ለእሳቸው ትራስ ተጨመረ።

እናንተም ለመጀመር አናጢ አይቅደም። መጀመሪያ ጥጉን አራግፉ። ከዚያ አግዳሚውንና ጠረጴዛውን ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ፤ አንድ ካርቶን ገልብጣችሁ፣ በርጩማ ስባችሁ ለሦስት ቀን ቁርሳችሁን እዚያው ብሉ። የማቀዝቀዣው በር ይከፈታል? ምጣዱ ሲነሳ ክርናችሁን ይመታል? ያኔ ይታወቃል። አናጢው ሲመጣ ልኩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ ቀብድ ከግማሽ በላይ አትክፈሉ። ‹‹ለቅዳሜ አደርሳለሁ›› ካላችሁ ደግሞ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ጠይቁት።