መሲንቆ በኪቦርድ፦ ሶሎና ሉፕ እንዴት ይስተካከላሉ?

በመርጡለ ማርያምም ሆነ በሌላው የጎጃም አገር አዝማሪው መሲንቆውን ሲገዘግዝ ያ ሁሉ ዜማ የሚወጣው ከፈረስ ጭራ ከተሠራ አንድ ገመድ ነው። ይህን ድምፅ ቀድቶ በሲንተሳይዘር መጫወት ይቻላል። ቀረጻው የቱንም ያህል ቢጠራ ግን ሶሎውና ሉፑ ካልተስተካከሉ መሲንቆው ኦርጋን ኦርጋን ይላል። ለሁለቱም መመሪያው መሣሪያው ራሱ ነው፤ ድምፁ እንዴት እንደሚፈጠር ያስተዋለ ሰው ኪቦርዱን ማስተካከል አይከብደውም።

ሶሎ

ብዙ ኪቦርዶች ሲከፈቱ ፖሊ ላይ ናቸው፤ የተነኩት ቁልፎች ሁሉ አብረው ይሰማሉ። የመሲንቆ ገመድ አንድ ስለሆነ ሶሎ (በአንዳንዱ ኪቦርድ ሞኖ) የሚለውን ይምረጡ። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው ዝነኛው ሲንተሳይዘር ሚኒሙግ ከነጭራሹ ከአንድ ኖታ በላይ አብሮ አያሰማም ነበር።

ቀጥሎ ሌጋቶን ያብሩ። አንዱን ቁልፍ ሳይለቁ ሌላውን ሲጫኑ ኖታው ብቻ ይቀየራል፤ ድምፁ ከመነሻው አይጀምርም። አዝማሪው በአንድ የደጋን ምት ጣቶቹን ሲያፈራርቅ የሚሰማው ይኸው ነው። እጅዎን አንስተው ሲጫኑ ደግሞ አዲስ ምት ይነሳል።

ፖርታሜንቶ ድምፁን ከኖታ ወደ ኖታ ያንሸራትታል። ከዜሮ ተነስተው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩት። በአምባሰል ከአንዱ ኖታ ወደ ቀጣዩ ሁለት ሙሉ ቶን የሚዘለልበት ቦታ አለ፤ መንሸራተቱ ከረዘመ በመሐል ያሉት ከቅኝቱ ውጪ የሆኑ ድምፆች ጎልተው ይሰሙና ቅኝቱ ይበላሻል።

ሉፕ

ሦስት ሰከንድ የተቀረጸ ድምፅ ያለ ሉፕ ቁልፉን ምንም ያህል ቢይዙት ያልቃል። ሉፕ ከቀረጻው አንዱን ክፍል እየደጋገመ ድምፁን ያቆየዋል።

የሉፑን መጀመሪያ ደጋኑ ገመዱን ከያዘበት ፍትጊያ በኋላ፣ ድምፁ ከተረጋጋበት ላይ ያድርጉት። አለበለዚያ ፍትጊያው ራሱ ይደጋገማል። መገናኛው ላይ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ሞገዱ ዜሮን በአንድ አቅጣጫ በሚያቋርጥበት ቦታ እንዲገጥሙ ያድርጉ። ክሮስፌድ ካለ ሁለቱን ጫፎች ያዋህድልዎታል።

ርዝመቱም ወሳኝ ነው። ድምፁ የሚርገበገብ ከሆነ ሙሉ ርግብግቢቱን ሉፑ ውስጥ ያስገቡ። አንዲት ሞገድ ብቻ ከያዙ ድምፁ ይደርቃል፣ ቅኝቱም ሊዛባ ይችላል። በሰከንድ 44,100 ነጥብ በሚቀረጽ ድምፅ ላይ የ440 ኸርዝ አንድ ሞገድ 100 ነጥብ ያህል ነው፤ በአንዲት ነጥብ መሳሳት ድምፁን በግማሽ ቶን ስድስተኛ ገደማ ያዛባዋል።

አንዱ ቀረጻ ወደ ላይ ርቆ ሲጫወት ርግብግቢቱም አብሮ ይፈጥናል። ስለዚህ ከተቻለ የቅኝቱን አምስት ኖታዎች ለየብቻ ይቅረጹ።

ሌሎቹስ?

ዋሽንትም ሶሎ ነው፤ ሉፑ ከትንፋሹ መነሻ በኋላ ይጀምራል። የክራር ገመዶች አብረው ስለሚጮሁና ከተመቱ በኋላ በራሳቸው ስለሚከስሙ ፖሊ ይሁን፣ ሉፑም ይጥፋ። ከበሮ ጭራሽ ሉፕ አይሻም፤ አንዴ ተመትቶ ያበቃል።

ሲጨርሱ አንዱን ኖታ ረዘም አድርገው ይያዙ፣ ከዚያም አንድ ዜማ ይጫወቱ። ከተቻለም መሲንቆ የሚመታ ሰው ይስማው፤ የጎደለውን ከማንም ቀድሞ የሚለየው እሱ ነው።