የአገልግሎት ሰጪው ደጃፍ፦ ፖሊስ የኤሌክትሮኒክ ዳታ የሚያገኝበት ሥልጣንና ወሰኑ



ንግግሬን ሁላችንም በምናውቀው ነገር ልጀምር። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ፖሊስ ቤት ለመፈተሽ ሲመጣ በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይይዛል። ማዘዣው የሚፈለገውን ንብረት ለይቶ መግለጽ አለበት፤ በማዘዣው ያልተጠቀሰ ንብረት አይወሰድም። የቤቱ ባለቤት ፈታሾቹን በዓይኑ ያያል፤ መብቱ ተጥሷል ብሎ ካመነም አቤት የሚልበትን ጉዳይ ያውቀዋል። ፖሊስ የሚፈልገው ዳታ በአገልግሎት ሰጪ እጅ ሲሆን ግን የሚንኳኳው የእኔ በር አይደለም፤ የቴሌኮም ኩባንያው በር ነው። በሩን የሚከፍተው ሌላ፣ ገመናው የሚገለጠው ሌላ። የዛሬው ጉዳያችን ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

መነሻችን ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 26 በፖስታ የሚደረጉትን ብቻ ሳይሆን በቴሌፎን፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችንም ከመደፈር ይጠብቃል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ወንጀልን መከላከልን የመሰሉ ዓላማዎች ባሏቸው ዝርዝር ሕጎች ብቻ ነው። ከእነዚህ ሕጎች አንዱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው።

አዋጁ ለመርማሪው አራት መሣሪያዎችን አዘጋጅቷል። የመጀመሪያው በአንቀጽ 24 የተደነገገው የማቆየት ግዴታ ነው። አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ማቆየት አለበት፤ ፍርድ ቤት እንዲገለጥ ካላዘዘ በቀር ዳታው በምስጢር ይጠበቃል። የትራፊክ ዳታ የተባለው የተነጋገርነው ቃል ሳይሆን የግንኙነቱ መነሻ፣ መድረሻ፣ መንገድ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ መጠንና የቆይታ ጊዜ ነው። ሁለተኛው በአንቀጽ 30 የሚገኘው የጥበቃ ትእዛዝ ነው። ዳታው ሊጠፋ ወይም ሊለወጥ ይችላል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖር፣ መርማሪው ራሱ በጽሑፍ ለሦስት ወራት እንዲጠበቅ ያዛል፤ ጊዜውን ማራዘም የሚችለውም አንድ ጊዜ፣ ለተጨማሪ ሦስት ወራት ብቻ ነው። ሦስተኛው በአንቀጽ 31 የሚሰጠው ዳታ የማቅረብ ትእዛዝ ሲሆን፣ ይህን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። አራተኛውና እጅግ ከባዱ በአንቀጽ 25 የተመለከተው ግንኙነትን በቅጽበት መጥለፍና መከታተል ነው።

አራተኛው ብዙ ተጽፎበታልና በአጭሩ ልለፈው። ጠለፋ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሌላ አማራጭ መንገድ አለመኖሩም መረጋገጥ አለበት። በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ጉዳት የሚያደርስ ወንጀል በአስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም ግን በአዋጁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የተባለው፣ ዛሬ የፍትሕ ሚኒስትሩ፣ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሊፈቅድ ይችላል፤ ምክንያቱንም በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ ይኖርበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጸጥተኛው አንቀጽ 31 ነው። አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ ሰው የሌላውን የሞባይል ባንክ ሒሳብ በማጭበርበር ገንዘብ አዛወረ እንበል። መርማሪው የሚያውቀው ድርጊቱ የተፈጸመበትን ሰዓትና ስልኩ መርካቶ ውስጥ በአንድ የሞባይል ማማ ሥር እንደነበር ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ማማውን የተጠቀሙ ቁጥሮች ሁሉ እንዲቀርቡለት ይጠይቃል። ነጋዴው፣ ወዛደሩ፣ ሐኪም ዘንድ የሄደችው እናት፣ ምንጩን ሊያገኝ የመጣው ጋዜጠኛ፣ ሁሉም በዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ። አንቀጽ 25 የተጠርጣሪዎችን ግንኙነት ይጠቅሳል፤ አንቀጽ 31 ግን ዳታው ለምርመራው በምክንያታዊነት የሚያስፈልግ መሆኑን እንጂ የዳታው ባለቤት ተጠርጣሪ መሆኑን አይጠይቅም። ፍርድ ቤቱም የሚመለከተው ሰው ሳይቀርብ ሊያዝ ይችላል።

«ይዘቱ ካልተነበበ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ ዘወትር ይቀርብልኛል። ለዚህ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በካርፔንተር ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ጥሩ መልስ ነው። መርማሪዎቹ የአንድ ተከሳሽን የ127 ቀናት የስልክ መገኛ መዝገብ ከኩባንያዎች አግኝተው ነበር፤ በውስጡ 12,898 የመገኛ ነጥቦች ነበሩ። መዝገቡን ያገኙት ከመደበኛው የብርበራ ማዘዣ መስፈርት ዝቅ ባለ ትእዛዝ ነበር። ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ እንዲህ ያለው መዝገብ በመርሕ ደረጃ ማዘዣ ያስፈልገዋል አለ፤ መዝገቡ በሦስተኛ ወገን እጅ መሆኑ ብቻ ጥበቃውን አያስቀርም። በአውሮፓም የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 የሁሉንም ሰው ዳታ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ልዩነት እንዲቆይ ያስገድድ የነበረውን መመሪያ ውድቅ አድርጓል።

ከዚህ ተነሥቼ ፖሊስ ዳታ አያግኝ አልልም። ገንዘቡን የተዘረፈው ሰውም መብት አለው፤ ዱካው በአገልግሎት ሰጪው እጅ ብቻ የሚገኝ ወንጀል ያለ ዳታ አይመረመርም። የምለው ሌላ ነው። የዳታው ባለቤት በሌለበት ስለ እርሱ የሚጠይቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እርሱም ዳኛው ነው። ኩባንያው ትእዛዙን ለመቃወም የሚያነሣሣው ብዙ ምክንያት የለውም፤ ባለጉዳዩም አያውቅም። ስለዚህ ዳኛው ትእዛዙን ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሣና መልሱንም በመዝገብ ቢያሰፍር መልካም ነው፦ የሰዓቱና የቦታው ወሰን ሊጠብብ አይችልምን? ከዚህ ያነሰ ጣልቃ ገብነት ያለው መንገድ ተሞክሯልን? ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች ዳታ መቼ ይደመሰሳል? የመጨረሻው ጥያቄ እንግዳ አይደለም፤ አንቀጽ 25 አግባብነት የሌለው መረጃ እንዲወገድ ያዛል። ይኸው ሥርዓት ለአንቀጽ 31 የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕግ አውጪው ደግሞ አንድ ነገር ሊጨምር ይችላል፤ ምርመራው ሲጠናቀቅና ማሳወቁ ጉዳት በማያስከትልበት ጊዜ፣ ዳታው የተወሰደበት ሰው እንዲያውቅ ማድረግ ነው። መጣሱን የማያውቅ ሰው መብቱን ሊያስከብር አይችልምና።

ከመካከላችሁ ነገ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም የኩባንያ የሕግ ባለሙያ የምትሆኑ አላችሁ። የአንዱ ማመልከቻ፣ የሌላው ፊርማ፣ የሦስተኛው ምላሽ የሚገናኙት በዚያ ደጃፍ ላይ ነው። ወደዚያ ስትደርሱ በሩ የሌላ ቢሆንም ቤቱ የማን እንደሆነ አስታውሱ።

አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።