አረፋ አያጥብም

በሳፋ ለሚያጥብ ሰው አረፋ የታመነ ምልክት ነው። አረፋው ከጠፋ ቆሻሻው ሳሙናውን ጨርሶታል ማለት ስለሆነ ጥቂት ኦሞ ይጨመራል። ልማዱ ለሳፋ ትክክል ነው፤ ስህተቱ የሚመጣው እንዳለ ወደ ማጠቢያ ማሽን ሲሻገር ነው። በማሽን ውስጥ ከልክ ያለፈ ሳሙና ልብስን ይበልጥ አያጸዳም፤ እንዲያውም ማሽኑን ሥራውን ያስፈታዋል።

ቆሻሻን የሚያስለቅቀው በውሃው ውስጥ የሟሟው ሳሙና እንጂ አረፋው አይደለም። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ቅባትን ይወዳል፤ ስለዚህ ከጨርቁ ላይ የወጥ ቅባትን ከብቦ ያነሳና ለውሃው ያስረክበዋል። አረፋ ግን በስስ የሳሙና ሽፋን የተያዘ አየር ነው። በሩ ከፊት የሆነ ማሽን ሲሠራ በመስታወቱ ቢመለከቱት፣ ከበሮው እርጥቡን ልብስ ወደ ላይ ተሸክሞ ይወጣና ይለቀዋል። ልብሱ ወድቆ ሲመታ ያዘለውን ውሃ ይተፋል፣ መልሶም ይመጥጣል። በሳፋ እጅ የሚያሸውን ያህል እዚህ የሚያሸው ይህ ምት ነው። ከበሮው በአረፋ ሲሞላ ግን ልብሱ ፍራሽ ላይ እንደወደቀ ያህል ነው፤ ምት የለም፣ መታሸትም የለም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ማሽን የሚያለቀልቀው በተወሰነ ውሃ ነው፤ ያልወጣው ሳሙና ጨርቁ ላይ ደርቆ ፎጣውን ያሻክራል፣ ቆዳ ያሳክካል። በበሩ ላስቲክ እጥፋትና በሳሙና መሳቢያው ውስጥ የሚጠራቀመው ዝቃጭም ሻጋታ ያበቅላል። «ማሽኑ ሸተተ» ተብሎ ሳሙና ሲጨመር ሽታው የሚብሰው ለዚህ ነው።

«በጣም ለቆሸሸ ልብስስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በእርግጥ የቆሻሻው ብዛት፣ የልብሱ ክብደትና የውሃው ጠባይ መጠኑን ይለውጡታል። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ የሳሙናውን ከፊል ጉልበት ስለሚወስድ መጨመር ግድ ይላል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ውሃችሁ እንዲህ ያለ ነው። ጭማሪው ግን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን፤ በእፍኝ አይሆንም። ጭቃና የአንገት እድፍ ሲኖር ደግሞ እድፉን አስቀድሞ በሳሙና ማሸት ከበሮውን በዱቄት ከመሙላት ይበልጣል።

ሌላው ክርክር የዋጋ ነው፤ የእጅ ኦሞ ይረክሳልና ማሽን ውስጥ ለምን አይገባም? የእጅ ማጠቢያ ዱቄት ሆን ተብሎ ብዙ አረፋ እንዲያወጣ የተሠራ ነው፤ «አውቶማቲክ» ተብሎ የሚሸጠው ግን አረፋው የተገታ ነው። በርካሹ የተቆጠበው ብር ደግሞ በማለቅለቂያ ውሃና በመብራት ይወጣል።

የሳሙናው መሳቢያም ለየሥራው የተለየ ቤት አለው። በብዙ ማሽኖች 2 የተጻፈበት የዋናው አጠባ፣ 1 የቅድመ አጠባ፣ የአበባ ምልክት ያለበት የማለስለሻ ነው። ማለስለሻ ክሩን ስለሚሸፍን ፎጣ ውሃ መምጠጡን ይቀንሳል፤ ለፎጣ ይቅርበት።

ከልክ ያለፈ ሳሙና ጨርቅ ውስጥ እንደሚቀር ለማመን የሚቸገር ሰው ታጥበው የደረቁ ፎጣዎችን ያለ ምንም ሳሙና በማሽኑ ይጠባቸው። ጥቂት ቆይቶ በመስታወቱ ላይ አረፋ ካየ፣ ያ አረፋ ካለፈው አጠባ ጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና ነው።