አሮጌው ኦርጋንና አዲሱ ኮምፒዩተር

በድሬዳዋ ሠርግ ላይ የሚጫወቱ ብዙ ሙዚቀኞች የሚሠሩበት መሣሪያ፣ እኛ በልማድ ኦርጋን የምንለው የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሙዚቀኛ ብዙ ዓመት ያገለገላቸው ኦርጋን አላቸው። ዜማቸውን የሚያስቀምጡበት አሮጌ ኮምፒዩተር በተበላሸ ጊዜ አዲስ ገዙ፤ ነገር ግን የቀድሞውን ገመድ የሚቀበል ቀዳዳ አልተገኘበትም። «እንግዲያስ ኦርጋኑም ለመለዋወጫ ይሸጥ» የሚል መካሪ አልጠፋም። ሌላ ለመግዛት ደግሞ የብዙ ሠርግ ገቢ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገሩን መርምሬ የተረዳሁትን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጥ እሞክራለሁ።

በኦርጋኑ ጀርባ አምስት ቀዳዳ ያላቸው ክብ ሶኬቶች አሉ። ሚዲ ይባላሉ። ሚዲ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው መሣሪያዎች እንዲግባቡ ታስቦ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ለሕዝብ የታየ ቋንቋ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀዳ የተጫወተበት ያማሃ ዲኤክስ 7 ይህን ሶኬት ይዘው ከወጡት ቀደምት መሣሪያዎች አንዱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ገመድ ውስጥ ድምፅ አያልፍም፤ የሚያልፈው ቁጥር ነው። መካከለኛው ዶ ሲመታ ኦርጋኑ ለምሳሌ 144፣ 60፣ 100 ብሎ ይልካል። 144 «ድምፅ ጀምር» ማለት ነው፤ 60 የቁልፉ ተራ ነው፤ 100 የተመታበት ኃይል ነው። ሦስቱም ለመድረስ የሚፈጅባቸው የሴኮንድ አንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። ቋንቋው ዛሬም ስለሚሠራበት የጎደለው አስተርጓሚ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በአንድ ጫፉ ክብ መሰኪያዎች፣ በሌላው ዩኤስቢ ያለበት ገመድ ነው። በታይዋን ገበያ ስንዞር አገኘነው። «ኢን» የተባለው መሰኪያ የሚገባው ኦርጋኑ «አውት» ካለበት ላይ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው መስማት አለበትና። ድምፁ እጥፍ ሆኖ ቢሰማ በኦርጋኑ ላይ «ሎካል» የተባለውን ማጥፋት ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ግን ሌላ ነው። ኦርጋን አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃ ይከፍላል፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን በሁለት ቁልፎች መካከል ሊያርፍ ይችላል። በተለይ አንቺሆዬ በኦርጋን ሲመታ ለጆሮ ጥቂት ይሻክራል። 60 የሚለው ቁጥር የትኛው ቁልፍ እንደ ተመታ ይናገራል እንጂ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቀጥን የሚወስነው ተቀባዩ ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ሙዚቀኛው እያንዳንዱን ድምፅ በጆሯቸው እየለኩ ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ አደረጉት፤ በኦርጋኑ ብቻ ይህን ማድረግ አይችሉም ነበር።

ሁለት ቁልፎች ከአቧራው የተነሣ አሁንም ዝም ብለዋል። በመጪው ክረምት ፈትተን ከሥራቸው ያለውን ጎማ እንጠርጋለን።