ረግረግና ተማሪዎች

ዋሽንግተን የተባለችው የአሜሪካ ዋና ከተማ በሁለት ወንዞች መገናኛ ላይ የተሠራች ናት። ታላቁ ወንዝ ፖቶማክ፥ ታናሹም አናኮስቲያ ይባላል። ፖቶማክ የተከበረ ነው፤ አናኮስቲያ ግን ለብዙ ዘመን የተናቀ ወንዝ ነበር። ዛሬ በየዓመቱ የከተማዪቱ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ሆነው ወደዚህ ወደ ተናቀው ወንዝ ይወርዳሉ፤ ሥራቸውም በጭቃ ውስጥ ቆሞ ሣር መትከል ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ የዚህ ወንዝ ነገር ለኢትዮጵያ ልጅም ፈጽሞ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ልጆች ወደ ጭቃ የሚገቡት ስለ ምን ነው ቢሉ፥ አስቀድሞ የወንዙን ታሪክ መስማት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በጥንት ዘመን ናኮችታንክ የሚባሉ ሕዝብ በወንዙ ዳር ይኖሩ ነበር፤ ዓሣ ያጠምዱ፥ በቆሎም ይዘሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ከወንዙ ግራና ቀኝ 1,000 ሄክታር የሚያህል ረግረግ ነበረ። ረግረግ ማለት ውሃ የማይለየው፥ ቄጠማና ሸንበቆ የሚበቅልበት ጭቃማ መሬት ነው። በኋላ ከተማዪቱ ስትሰፋ ሰዎች ረግረጉን ናቁት፤ እንዳይታረስ ውሃ፥ እንዳይቀዘፍ ሣር ሆኖ ስላገኙት የማይጠቅም መሬት ነው ብለው ቈጠሩት። ወባንም ፈሩ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ወባ በዚያን ዘመን የዋሽንግተንን ሰው በርግጥ ታሳምም ነበርና። ስለዚህ ከ1900 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች የወንዙን ወለል በመኪና እየቈፈሩ ጭቃውን በረግረጉ ላይ ደለደሉት፤ በወንዙም ዳር የድንጋይ ግንብ ሠሩ። ሥራው ብዙ ዓመት ፈጀ። በተፈጸመም ጊዜ ከዐሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ የሚሞላ ረግረግ አልቀረም።

የረግረጉ ጥቅም በደንብ የታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው። ዝናም በከተማ ላይ ሲዘንም፥ ውሃው ከጣራና ከመንገድ ላይ አፈር፥ ዘይትና ጕድፍ እየጠረገ ወደ ወንዝ ይሮጣል። በመንገዱ ረግረግ ቢያገኝ ግን ሩጫው ይገታል። ቄጠማውና ሸንበቆው እንደ ወንፊት ሆነው ይይዙታል፤ ውሃው ዝግ ሲልም የተሸከመው አፈር ወደ ታች ይሰፍራል፤ የተክሎቹ ሥሮችና በጭቃው ውስጥ የሚኖሩት በዐይን የማይታዩ ፍጥረቶች ከቆሻሻው አንዳንዱን ለምግባቸው ይወስዱታል። ደግሞም ረግረግ እንደ ሰፍነግ ጐርፍን ጠጥቶ ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ከእንቍላል የወጡ ደቃቅ ዓሦች ከትልልቆቹ የሚሸሸጉት በሣሩ ሥር ነው። የድንጋይ ግንብ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱን አያደርግም፤ በሳሕን ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ጐርፉን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

በዚህ ላይ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች የዝናሙ ውሃና የቤቱ እድፍ በአንድ ቧንቧ የሚሄዱ ስለ ሆኑ፥ ብርቱ ዝናም በዘነመ ጊዜ ቧንቧው እየሞላ ወደ ወንዙ ይፈስ ነበር። በ1971 ዓ. ም. በከተማዪቱ ወንዞች መዋኘት በሕግ ተከለከለ። ልጆች በወንዝ ዳር ተወልደው በወንዛቸው መዋኘት የማይገባቸው ሆኑ፤ ይህም ለታላቅ ከተማ ትልቅ ውርደት ነው።

በ1993 ዓ. ም. ኬኒልወርዝ በሚባለው ስፍራ 13 ሄክታር የሚያህል ረግረግ እንደ ገና ተሠራ። ቀድሞ ረግረጉን የደፈነው የመሐንዲሶች መሥሪያ ቤት ራሱ ከወንዙ ወለል ጭቃ እየቀዳ ወደ ቦታው መለሰ፤ ከ300,000 የሚበልጥ ተክልም ተተከለበት። የጭቃው ከፍታ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሕሩ ሲሞላ የአናኮስቲያ ውሃ ይሞላል፥ ባሕሩ ሲጐድልም ይጐድላል፤ ይህም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ በሙላቱና በጕድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ያህል ነው። ጭቃው ዝቅ ካለ ተክሉ ይሰጥማል፤ ከፍ ካለም የየብስ አረም ይወርሰዋል።

በ2000 ዓ. ም. ከዚያ በታች ባለው በኪንግማን ሐይቅ እንዲሁ ብዙ መቶ ሺህ ተክል ተተከለ። ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ አብዛኛው ተበላ። የበላውም የካናዳ ዝይ የሚባለው ወፍ ነው። ይህ ዝይ በተፈጥሮው በብርድ ወራት ወደ ደቡብ የሚወርድ፥ በሙቀት ወራት ወደ ሰሜን የሚመለስ መንገደኛ ነው። ዳሩ ግን አዳኞች በራሪዎቹን ዝዮች ለማታለል ለማዳ ዝይ ያረቡ ነበር፤ በ1935 ዓ. ም. ይህ ዐይነት አደን በተከለከለ ጊዜ ብዙዎቹ ተለቀቁ፤ መንገዱንም ስለማያውቁት ከነልጆቻቸው በዚያው ቀሩ። በየመናፈሻው እየታጨደ የሚያድገው አጭር ሣር ደግሞ ለዝይ የተዘረጋ ማዕድ ነው። እንግዲህ ዝዩን ከመውቀስ ይልቅ፥ ሰው ራሱ ያስቀመጠው እንግዳ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ይህም እንግዳ የዱር ሩዝ ቡቃያ እጅግ ይጥመዋል።

የዱር ሩዝ ሰው ሳይዘራው በውሃ ውስጥ የሚበቅል፥ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ሣር ነው። በ1989 ዓ. ም. የተመሠረተው የአናኮስቲያ ተፋሰስ ማኅበር ተማሪዎች ይህን ሣር እንዲያበቅሉ ያስተምራል። ዘሩ ከደረቀ ይሞታል፤ ስለዚህ የብርዱን ወራት በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይከርማል። ከዚያም ተማሪዎቹ በክፍላቸው ውስጥ ውሃ በሞላበት ዝርግ ሣጥን ይዘሩታል፤ ቡቃያው ሲጠነክርም ወደ ወንዙ ይወስዱታል።

የጕዞው ሰዓት የሚወሰነው በትምህርት ቤቱ ደወል አይደለም፥ በውሃው ነው፤ ተካዮች መግባት የሚችሉት ውሃው ሲጐድል ነውና። ልጆቹ ረዥም የጎማ ጫማ አድርገው፥ ቡቃያውን በሣጥን ተሸክመው ይሰለፋሉ። አንዱ በእጁ ጭቃውን ይምሳል፤ ሁለተኛው ሥሩን አስገብቶ ዙሪያውን ይጫነዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጭቃው ግን ጫማ ይውጣል። ጫማው በጭቃ ቀርቶበት ባዶ እግሩን ወደ ላይ አንሥቶ እንደ ሽመላ የሚቆም ልጅ አይጠፋም፤ ጓደኞቹም ይሥቃሉ። ቀጥሎ ያለው ሥራ የማያስቅና የሚያሰለች ነው፤ እርሱም አጥር ነው። ዝዮች እየዋኙ እንዳይገቡ እንጨት ተተክሎ መረብ ይታሰራል፤ ከላይም እንዳያርፉ ገመድ ይወጠራል፤ ዝይ ለማረፍ ሰፊ ቦታ ይሻልና። ጐርፍና ግንድ አጥሩን ይሰብሩታል፤ ስለዚህ ሌላ ጊዜ ሌሎች እጆች መጥተው ይጠግኑታል። አጥሩ በተጠበቀበት ሩዙ ይቆማል፤ አጥሩ በተረሳበት ባዶ ጭቃ ይሆናል።

ጕድፍ መልቀምም የጕዞው ሥራ ነው። ከ2010 ዓ. ም. መጀመሪያ ጀምሮ በዋሽንግተን ሱቆች ከረጢት የሚወስድ ሰው አምስት ሳንቲም እንዲከፍል፥ ገንዘቡም ወንዙን ለማጽዳት እንዲውል ተደነገገ። ስለ ቧንቧው ውሃ ደግሞ በ2018 ዓ. ም. ከምድር በታች ታላቅ ዋሻ ተከፈተ፤ በ2023 ዓ. ም. ቀሪው ክፍል ተጨመረለት። ብርቱ ዝናም ሲዘንም የተረፈው ውሃ በዋሻው ተጠራቅሞ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። ይህ የልጆች ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ዋሻ ሩዝ አያበቅልም።

የዱር ሩዝ ዕድሜው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በመስከረም ወር ገደማ ፍሬውን በጭቃው ላይ አራግፎ ይሞታል። በዚያን ጊዜ ሶራ የምትባል ትንሽ የውሃ ወፍ ወደ ደቡብ ስትጓዝ በረግረጉ ታርፋለች፤ ከፍሬውም እየለቀመች ለመንገዷ ትወፍራለች። ከወፎች የተረፈው ዘር በጭቃው ውስጥ ይከርማል፤ ብርዱ ሲያልፍም ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ዝዮቹም ያንን ቡቃያ ይጠብቃሉ።