የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ምን ይለካል? ለጤና ባለሙያ የሚሰጠውና የማይሰጠው መረጃ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በማሻ አካባቢ የሚያገለግል ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ጤና መኮንን ትምህርቱን ለማሻሻል ሲያስብ በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» የሚል ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ ይገኛል፤ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማና አዲስ አበባ ደግሞ ራቅ ብለው ስማቸው ይጠራል። አዲስ ምሩቅ በጤና ተቋም ሲመደብም የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ስም ችሎታው ሳይታይ አስቀድሞ ይመዘናል። በመሆኑም ደረጃ የሚባለው ነገር ምን እንደሚለካ ማወቅ ለባለሙያውም ሆነ ለሚያገለግለው ኅብረተሰብ ጠቃሚ ነው።

የብሪታንያ ተሞክሮ

ዩኒቨርሲቲዎችን በአገር አቀፍ ሰንጠረዥ ማወዳደር ሥር ከሰደደባቸው አገሮች አንዷ ብሪታንያ ናት። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ጋዜጦች በየዓመቱ ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ይሁን እንጂ ሰንጠረዦቹ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የወጣው የታይምስና የሰንደይ ታይምስ መምሪያ የለንደን የኢኮኖሚክስና የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ቤትን አንደኛ ሲያደርግ፣ በዚያው ወቅት የወጣው የታይምስ ሃየር ኤዱኬሽን የዓለም ሰንጠረዥ አንደኛ ያደረገው ኦክስፎርድን ነበር።

የልዩነቱ መንሥኤ መስፈርቱ ነው። የዓለም ሰንጠረዦች ለምርምርና ለጥቅስ ብዛት ከፍተኛ ክብደት ሲሰጡ፣ የጋርዲያን ጋዜጣ ሰንጠረዥ ምርምርን ጨርሶ ሳያስገባ የተማሪዎችን እርካታ፣ የመምህርና የተማሪ ጥምርታን፣ እንዲሁም ተማሪው ከገባበት ውጤት አንጻር ያሳየውን መሻሻል ይመለከታል።

ለጤና ባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አለ። ከላይ የተጠቀሰው የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የሕክምና ፋኩልቲ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታይምስ መምሪያ ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ በላይ የተቀመጠው ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲም፣ የሕክምና ተማሪዎቹ ለረጅም ጊዜ የቅድመ ክሊኒክ ትምህርታቸውን ብቻ እዚያ አጠናቅቀው ለክሊኒክ ሥልጠና ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዱ ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተውና በኅብረተሰብ ጤና ዓለም አቀፍ ዝና ያለው የለንደን የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት በእነዚህ አገር አቀፍ ሰንጠረዦች ውስጥ ስሙ አይገኝም፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ስለማይቀበል ነው። ስለሆነም አጠቃላይ ደረጃ ስለ ጤና ሥልጠና የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ እንደ ደረጃ የሚቆጠረው የተደረገው የዩኒቨርሲቲዎች ልየታ ነው። በዚሁ መሠረት አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ፣ መቀሌና አርባ ምንጭ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተብለዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ የተግባራዊ ሳይንስ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ወይም አጠቃላይ ዩኒቨርሲቲዎች ሆነዋል። ይህ ግን የተልእኮ ክፍፍል እንጂ የማስተማር ጥራት ደረጃ አይደለም።

ወደ ደረጃ የሚቀርበው መረጃ የፈተና ውጤት ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ለጤና ባለሙያዎች አገር አቀፍ የሙያ ፈቃድ ፈተና መስጠት ጀመረ። ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት መስኮች የመውጫ ፈተና ሰጠ። በዚህ የመውጫ ፈተና 150,184 ተፈታኞች ተቀምጠው 61,054 ወይም 40.65 በመቶ አልፈዋል። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ግን 17.2 በመቶ ብቻ ማለፋቸው ብዙዎችን አስደንግጧል።

አኃዙን በጥንቃቄ ማንበብ

እንዲህ ያለ አኃዝ ለጤና ባለሙያ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ከወረዳ ሆስፒታል ወደ ደሴ በሪፈር የሚላከው ከባድ ሕመምተኛ ነው፤ በዚህም የተነሣ በሪፈራል ሆስፒታል የሚመዘገበው የሞት መጠን ከጤና ጣቢያው ቢበልጥ ሆስፒታሉ ከጤና ጣቢያው ያነሰ ሕክምና ይሰጣል ተብሎ አይደመደምም። የሕሙማኑ የመነሻ ሁኔታ የተለያየ ነውና። የፈተና ማለፊያ መጠንም እንዲሁ ነው። ከፍተኛ የመግቢያ ነጥብ ያላቸውን ተማሪዎች የተቀበለ ተቋም ብዙ ተማሪ ቢያሳልፍ፣ ከውጤቱ ምን ያህሉ የማስተማሩ፣ ምን ያህሉ የቅበላው ፍሬ እንደሆነ በአንድ አኃዝ አይለይም። የተፈታኞች ቁጥርም ወሳኝ ነው፤ አሥር ተማሪዎች ካሉት ክፍል አንድ ተማሪ ቢወድቅ ማለፊያው በአሥር በመቶ ይቀንሳል፤ ሁለት መቶ ካሉት ግን በግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የጽሑፍ ፈተና እውቀትን እንጂ ምጥ የያዛትን እናት የሚያዋልደውን እጅ አይለካም።

ምን መጠየቅ ይገባል?

ስለዚህ ትምህርቱን የሚቀጥል ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ የሚገባበትን የትምህርት ክፍል መመርመር ይጠበቅበታል። በመጀመሪያ፣ ክፍሉ የራሱ የማስተማሪያ ሆስፒታል ወይም በቂ የተግባር ልምምድ ቦታ አለውን? አንድ ተማሪ በራሱ እጅ የሚሠራቸው ክንውኖች ስንት ናቸው? በመቀጠል፣ በሙያ ፈቃድ ፈተና ያስመዘገበው ውጤት ለአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን ለተከታታይ ዓመታት ምን ይመስላል? የተፈታኞቹስ ብዛት? በመጨረሻም፣ ሥልጠናው ከሚያገለግልበት አካባቢ ችግር ጋር ይገናኛልን? በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እያሰማራ በማሠልጠን፣ ጅማም ኅብረተሰብ ተኮር በሆነ ትምህርቱ ስም ያተረፉት ለዚህ ጥያቄ በሰጡት ምላሽ ነው፤ በየትኛውም ሰንጠረዥ በያዙት ቦታ አይደለም።

ለቀጣሪ ተቋማትም መልእክቱ ያው ነው። አዲስ ምሩቅ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ ስም ሳይሆን በሥራ ላይ ባለ ችሎታው ተመዝኖ፣ ጉድለት ሲገኝበት በልምድ ባለጸጋ ባልደረባ ክትትል ሊታገዝ ይገባል። ሌሊት በአምቡላንስ የምትደርሰው እናት የአዋላጇን የምስክር ወረቀት አትጠይቅም፤ የሚያድናት የተለማመደ እጅና በጊዜ የተወሰነ ውሳኔ ነው።